አዲስ ፊንች ሲመጣ፦ የት፣ ለስንት ቀን፣ በምን መልኩ ለይተን እናቆያት?

ፊንች የምትባለዋን ትንሽ ዘማሪ ወፍ ገዝቶ ወደ ቤት የሚሄድ ሰው ይቸኩላል። ኬጁ ተዘጋጅቷል። ነባሮቹ ወፎች እየተጠራሩ ነው። አዲሷ በትንሽ ካርቶን ውስጥ ኩርምት ብላ ስትታይ ታሳዝናለች። "ደህና ትመስላለች፣ በቃ ልቀላቅላት" ማለት ይቀላል።

ግን ፊንች ሕመሟን የምትደብቅ ወፍ ናት። በዱር ደከም ያለችው ወፍ ናት ቀድማ ለአዳኝ የምትዳረገው። ስለዚህ አቅሟ እስኪያልቅ ድረስ ጤነኛ መስላ ትቆማለች። ላባዋን ነፍታ ኬጁ ወለል ላይ ስትቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ በሽታው ገፍቷል። እስከዚያ ድረስ ከነባሮቹ ጋር አንድ ውሃ ጠጥታለች፣ ከአንድ ዕቃ በልታለች።

ለይቶ ማቆየት እንደሚያስፈልግ ወፍ የሚያረባ ሰው ሁሉ ይስማማል። የሚለያየው አፈጻጸሙ ላይ ነው። አንዱ "ሳሎኑ ጥግ ሌላ ኬጅ ይበቃል" ይላል። ሌላው "ቤቱ ካልተለየ ዋጋ የለውም" ይላል። አንዱ ሁለት ሳምንት ይበቃል ሲል ሌላው ሦስት ወር ይጠብቃል። አንዱ ወፏ እንደገባች መድኃኒት ያንጠባጥብላታል፣ ሌላው ምልክት እስኪያይ እጁን አያስገባም።

የእኔን አቋም ከመነሻው ልናገር። ከቀኑ ብዛት ቦታው ይበልጣል፣ ከሁለቱም ምርመራው ይበልጣል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች የማነጻጽረው በዚህ ሚዛን ነው። የማስበውም በአሜሪካ አፓርታማ ወይም ታውንሀውስ ውስጥ ዜብራ፣ ሶሳይቲ ወይም ጎልዲያን ፊንች የሚያሳድግ ሰው ነው።

የምንጠብቀው ምንድን ነው?

አማራጮቹን ለመመዘን ወፏ ምን ይዛ ልትመጣ እንደምትችል ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ በሽታ የራሱ መንገድና የራሱ ፍጥነት አለው።

በተለይ ጎልዲያን ለሚገዛ ሰው ዋናው የአየር ከረጢት ማይት ነው። የመዥገር ዘመድ የሆነ፣ የመርፌ ጫፍ የሚያክል ጥቁር ፍጡር ነው። በወፏ የአየር ቧንቧና የአየር ከረጢቶች ውስጥ ይኖራል። የያዛት ወፍ ዝማሬዋ ይቀንሳል ወይም ድምጿ ይጎረንናል። አፏን ከፍታ ትተነፍሳለች፣ ጭራዋ ከትንፋሿ ጋር ከፍ ዝቅ ይላል። ማታ ጸጥ ሲል ጆሮ ጠጋ ቢደረግ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል። ከወላጅ ወደ ጫጩት በማብላት ጊዜ ይተላለፋል፣ በትልልቆቹ መካከል ደግሞ በሳልና በጋራ ውሃ። ጥቂት ማይት ብቻ ያለባት ወፍ ለረጅም ጊዜ ምንም ምልክት ላታሳይ ትችላለች።

ሁለተኛው ኮክሲዲያ የሚባለው በአይን የማይታይ የአንጀት ጥገኛ ነው። አገር ቤት ዶሮ ያረባ ሰው ስሙን ያውቀዋል፣ ምንም እንኳ የፊንቹ ዝርያ ከዶሮው የተለየ ቢሆን። ከኩስ ጋር ይወጣል። ለሥራችን የሚጠቅመን አንድ ጠባይ አለው፦ ገና እንደወጣ ሌላ ወፍ አይዝም። ለመብሰል ሙቀት፣ እርጥበትና ከአንድ እስከ ጥቂት ቀን የሚደርስ ጊዜ ይፈልጋል። የኬጁን ወለል ወረቀት በየቀኑ የሚቀይር ሰው የበሽታውን ዑደት በግማሽ መንገድ ቆረጠው ማለት ነው። በረኪና ግን ብዙም አይነካውም። የሚገድለው የፈላ ውሃ ወይም እንፋሎት ነው።

ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይጠረጥረው ነው። ሶሳይቲ ፊንች ገር፣ ታጋሽ፣ የሌላውን ወፍ እንቁላል ታቅፋ የምታሳድግ ወፍ ናት። በዱር የማትገኝ፣ በእስያ በሰው እጅ የተፈጠረች ዝርያ ናት። ግን ኮክሎሶማ የሚባል የአንጀት ጥገኛ ተሸክማ ራሷ ሳትታመም ልትኖር ትችላለች። ያው ጥገኛ የጎልዲያን ጫጩቶች ላይ ሲደርስ ይገድላል። ስለዚህ "ሶሳይቲ ጠንካራ ናት፣ ለይቶ ማቆያ አያስፈልጋትም" የሚለው አባባል የተገለበጠ ነው። ጤነኛ የምትመስለው ተሸካሚ ናት ይበልጥ የምታሰጋው።

ቀይ ማይት ደግሞ ቀን ቀን በኬጁ ስንጥቆችና በማረፊያ እንጨቱ ጫፍ ተደብቆ ማታ ወጥቶ የወፏን ደም ይመጥጣል። ሳይበላ ወራት ይቆያል። ወፏን ብቻ ማየት አያጋልጠውም። ማታ ኬጁን በነጭ ጨርቅ ሸፍኖ ጎህ ሲቀድ የጨርቁን እጥፋት መመርመር ይሻላል።

የወፍ ፈንጣጣም አለ። በትንኝና በንክኪ ይተላለፋል፣ አይንና እግር አካባቢ እብጠትና ቅርፊት ያወጣል፣ የሚያድነው መድኃኒት የለም። እየበላች የምትከሳ ወፍ ካጋጠመች ደግሞ የሆድ እርሾ በሽታ ይጠረጠራል።

ቦታ፦ አራቱ አማራጮች

*እዚያው ክፍል ውስጥ ሌላ ኬጅ።* በጣም የተለመደው ይህ ነው፣ በጣም ደካማውም ይህ ነው። የላባ ብናኝ፣ የጥሬ ቅርፊት፣ የደረቀ ኩስ ዱቄት በአየር ይጓዛል። ወፍ ክንፏን ስታራግብ ምን ያህል ርቀት እንደምትረጭ ሳሎን የሚጠርግ ሰው ያውቃል። ኬጆቹን በሦስት ሜትር ማራራቅ ትንሽ ይቀንስ ይሆናል እንጂ አያቆመውም። ቀይ ማይት በግድግዳ ተጉዞ ይደርሳል። የእኛም እጅ ካንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ይህ አማራጭ የሚጠቅመው ወፎቹ እንዳይደባደቡ ነው፣ ለበሽታ አይሆንም። ስቱዲዮ ውስጥ ለሚኖር፣ ሌላ በር የሌለው ሰው ምክሬ አንድ ነው። ወይ የሚያቆይለት ሰው ያፈላልግ፣ ወይ ግዢውን ያዘግይ።

*በር የሚዘጋበት ሌላ ክፍል።* ለአብዛኛው ሰው ትክክለኛው ይህ ነው። ግን ሁሉም ክፍል እኩል አይደለም፣ የእኛ ቤት ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው።

ቡና የሚቆላበትና እጣን የሚጨስበት ክፍል አይሆንም። የወፍ ሳንባ የተሠራው አየሩ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲፈስበት ነው። ከአየር ላይ ኦክስጅን የመሳብ ችሎታው ከእኛ ይበልጣል፣ ያው ችሎታ ጭሱንም ይስባል። የአየር ከረጢት ማይት ለተጠረጠረባት ወፍ የእጣን ጭስ ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ሕመሟን ያባብሳል፣ እኛም የምናየው የትንፋሽ ችግር ከጭሱ ይሁን ከማይቱ መለየት ያቅተናል። እሑድ እንግዳ ሲመጣና ቡና ሲፈላ የወፏ በር ተዘግቶ ከሥሩ ፎጣ ቢደረግ አይበዛም። ነባሮቹም ቢሆኑ ከጭሱ ራቅ ቢሉ ይሻላቸዋል።

ኩሽና ጨርሶ አይታሰብ። የማይጣበቅ ሽፋን ያለው መጥበሻ ከመጠን በላይ ሲግል የሚያወጣው ጋዝ ወፍ በደቂቃዎች ይገድላል። የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁም እንዲህ ያለ ሽፋን ያለው ከሆነ እንጀራ የሚጋገርበት ቀን ወፎቹ ከኩሽናው በጣም መራቅ አለባቸው።

መታጠቢያ ቤት ብዙዎች ይመርጡታል፣ ለማጽዳት ስለሚቀል። ማንም የማይጠቀምበት የእንግዳ መታጠቢያ ቤት ከሆነና መስኮት ካለው ያስኬዳል። በየቀኑ ሻወር የሚወሰድበት ከሆነ ግን እርጥበቱ ለሻጋታና ለኮክሲዲያ ይመቻል፣ የሽቶና የጽዳት ዕቃው ትነትም አለ። ቤዝመንት ደረቅ ከሆነና በቀን ወደ 12 ሰዓት የሚበራ አምፖል ከተደረገለት ጥሩ ነው። ጋራዥ የመኪና ጭስና ቅዝቃዜ ስላለው ይቅር።

በረንዳስ? በጋ ላይ ያጓጓል። ግን በረንዳው ላይ የዱር ወፎች ይመጣሉ፣ ትንኝም አለ። በ1994 በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በዱር የሃውስ ፊንች ወፎች ላይ አይን የሚያሳብጥ የባክቴሪያ በሽታ ታየ። ከዚያ ወዲህ በአገሪቱ ሰፊ ክፍል ተዛምቷል። በ2021 ደግሞ በአሜሪካ ከዱር ዘማሪ ወፎች ጋር የተያያዘ የሳልሞኔላ ወረርሽኝ ሰዎችንም አሳምሟል። አዲሷን ከነባሮቹ ለመለየት ብለን ለጎረቤት ወፎች ብንሰጣት ምን ተረፈን?

አንድ ነገር ደግሞ ይዘነጋል፦ ሴንትራል ኤሲ። በሩ ቢዘጋም አየሩ በቧንቧው ይዞራል። ሙሉ በሙሉ መለየት አይቻል ይሆናል፣ ግን የኤሲውን ማጣሪያ በጊዜው መቀየርና ክፍሉ ውስጥ ሄፓ ማጣሪያ ያለው አየር ማጽጃ ማድረግ ብናኙን በጣም ይቀንሳል።

*የሌላ ሰው ቤት።* ከበሽታ አንጻር የሚወዳደረው የለም። አየሩ ሌላ፣ እጁ ሌላ፣ ዕቃው ሌላ ነው። ዘመድም ሆነ ጓደኛ ወፍ የሌለው ከሆነ "እሺ፣ ለወር እኔ ጋ ትቀመጥ" ማለቱ ትልቅ ውለታ ነው። ችግሩ አይን ነው። ፊንች ከ12 እስከ 18 ግራም የምትመዝን ወፍ ናት፣ አንድ ቀን ሙሉ ሳትበላ ከዋለች ሕይወቷ አደጋ ላይ ነው። ወፍ የማያውቅ ሰው ዕቃው ላይ ቅርፊት ብቻ ቀርቶ "ጥሬ አላት" ሊል ይችላል። ይህን አማራጭ የምትመርጡ ከሆነ በየቀኑ ጠዋት የወለሉን ወረቀት ፎቶና የወፏን አጭር ቪዲዮ በቴሌግራም እንዲልኩላችሁ ተስማሙ። ያን የሚያደርግ ሰው ካለ ከራሳችሁ ክፍልም ይሻላል። ከሌለ፣ ሩቅ ሆና ሳትታይ ከምትታመም ቅርብ ሆና ብትታይ እመርጣለሁ።

*የሐኪም ቤት ማደሪያ።* ወፍ የሚያክሙ አንዳንድ ክሊኒኮች ያሳድራሉ። ለታመመች ወፍ አስፈላጊ ነው። ለጤነኛ አዲስ ወፍ ለወር ማስቀመጥ ግን ዋጋው ከባድ ነው፣ ክሊኒክ ደግሞ የታመሙ ወፎች የሚሰበሰቡበት ቦታ ነው።

ስንት ቀን?

አሥራ አራት ቀን የሚሉ ሰዎች መነሻቸው ፈጣን በሽታዎች ናቸው። በመጓጓዝ ጭንቀት የሚቀሰቀስ ሕመም ካለ አብዛኛው በመጀመሪያው ሳምንት ብቅ ይላል። ግን ፈንጣጣ ከዚያ ዘግይቶ ሊታይ ይችላል፣ ማይቱም ሳይሰማ ይቆያል። ሁለት ሳምንት ከምንም ይሻላል፣ ከዚያ በላይ ግን አልከራከርለትም።

ሠላሳ ቀን መነሻው ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ከውጭ ለሚገቡ ወፎች ለይቶ ማቆያ የሚጠይቀውም 30 ቀን ነው። ከሚታወቅ አርቢ፣ ሌላ ወፍ ከማያስገባ ቤት፣ ተመርምራ ለመጣች ዜብራ ፊንች ይበቃል እላለሁ።

ከቤት እንስሳት ሱቅ ወይም ከወፍ ባዛር ለተገዛች 45 ቀን ነው የምመርጠው። ባዛር ላይ ከብዙ አርቢዎች የመጡ ወፎች በአንድ አዳራሽ፣ በአንድ አየር ይውላሉ። አርቢው ራሱ ንጹሕ ቢሆንም ጎረቤቱ ጠረጴዛ ላይ ምን እንደነበረ አያውቅም። ለጎልዲያንም 45 ቀን ይሻላል፣ ምክንያቱም ማይት ከተገኘባት ሕክምናው ተደግሞ መሰጠት አለበት፣ ከመጨረሻው በኋላም የምንታዘብበት ጊዜ ያስፈልጋል።

ሦስት ወር የሚያስኬደው ብርቅ ወፎች ለሚያራባ ወይም ከዱር ተይዛ የመጣች ወፍ ለገጠመው ሰው ነው። በነገራችን ላይ፣ አገር ቤት ግቢያችን ውስጥ ጥሬ የሚለቅሙት፣ ወንዱ ጉንጩ ላይ ቀይ ነጠብጣብ ያለበት ሰማያዊ ትንንሽ ወፎች እዚህ ኮርዶን ብሉ ተብለው ይሸጣሉ። አርቢ ቤት የተፈለፈሉ ከሆኑ እሰየው። ከዱር የተጠመደ ወፍ ግን ጭንቀቱም፣ የሚሸከመው ጥገኛም ይበዛል። የአውሮፓ ኅብረት ከ2007 ጀምሮ ከዱር የተያዙ ወፎችን ማስገባት የከለከለው የወፍ ጉንፋንን ፈርቶ ነበር።

ምንጯ ጨርሶ የማይታወቅ ወፍ ሌላ ጉዳይ ነው። ለዝማሬ ውድድር ተብለው፣ ጉያና ከምትባለው የደቡብ አሜሪካ አገር በፀጉር ቢጎዲን ውስጥ ተደብቀው መጥተው ኒውዮርክ ኬኔዲ አየር ማረፊያ ላይ የተያዙ ፊንቾች ታሪክ ተደጋግሞ ዜና ሆኗል። እነዚያ ወፎች መንግሥት የሚያዘውን ለይቶ ማቆያ የዘለሉ ናቸው፣ ኒውካስል የሚባለውን አደገኛ የወፍ በሽታ ሊያስገቡ ይችላሉ ተብሎም ይፈራል። ሻጩ "ከየት መጣች?" ሲባል መልስ ከሌለው ስለ ቀን ቆጠራ ማሰብ አያስፈልግም። አትግዙ።

የትኛውንም ብትመርጡ አንድ ሕግ አለ። በ20ኛው ቀን ሌላ አዲስ ወፍ ወደዚያው ክፍል ከገባች ቆጠራው ለሁለቱም ከአንድ ይጀምራል። የታመመች ካለችም እንደዚያው፣ ከዳነችበት ቀን ጀምሮ።

መመርመር፣ በጭፍን ማከም፣ ወይስ ዝም ብሎ መጠበቅ?

እዚህ ላይ ረዘም ላለ ጊዜ እቆማለሁ፣ ምክንያቱም ብዙ ወፍ የሚሞተው በዚህ ምርጫ ነው።

ዝም ብሎ መጠበቅ ርካሽ ነው። ግን ከላይ እንዳልኩት፣ ኮክሎሶማ ያለባት ሶሳይቲ 30 ቀን ብትቆይ 30 ቀን ጤነኛ መስላ ትወጣለች። ቀን ብቻውን ተሸካሚን አያጋልጥም።

በጭፍን ማከም ማለት ወፏ እንደገባች የማይት ጠብታ፣ የኮክሲዲያ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክ በተርታ መስጠት ነው። ልምድ ያላቸው አርቢዎችም ያደርጉታል። ሐሳባቸው ይገባኛል፦ ወፉ ብዙ ነው፣ ሐኪም ሩቅ ነው። ነገር ግን ሦስት ጉዳት አለው። አንደኛ፣ ማይት በበዛባት ወፍ ላይ መድኃኒቱ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ሲገድል የሞቱት ማይቶች የአየር ቧንቧዋን ሊዘጉ ይችላሉ። ሁለተኛ፣ ያለምክንያት የተሰጠ አንቲባዮቲክ የአንጀቷን ሚዛን ያዛባና ለእርሾ በር ይከፍታል። ምልክቱንም ሸፍኖ በሽታውን ያቆየዋል። ሦስተኛው መጠን ነው። አይቨርሜክቲን የሚባለው የማይት መድኃኒት ለከብት የሚሸጠው ጉልበቱ ለከብት ተብሎ የተሠራ ነው። ለ15 ግራም ወፍ በአይን ግምት ማንጠባጠብ መመረዝ ነው። ሐኪም በክብደቷ አስልቶ የቀጠነውን ሲሰጥ አንገቷ ጀርባ ላይ ቆዳዋ ላይ ትንሽ ጠብ ይደረጋል፣ ከዚያ ይደገማል።

ምርመራው የእኔ ምርጫ ነው። ወፍ የሚያክም ሐኪም ኩሱን በማይክሮስኮፕ ያያል። ለአንጀት ተንቀሳቃሽ ጥገኞች ትኩስ ኩስ ያስፈልጋል፣ ስለዚህ ወፏን ከነኬጇ ወስዶ እዚያው ቢገኝ ይመረጣል። ለኮክሲዲያ ደግሞ ብዙ ሰው የማያውቀው ምስጢር አለ። የትናንሽ ዘማሪ ወፎች ኮክሲዲያ በብዛት የሚወጣው ከሰዓት በኋላና ወደ ማምሻው ነው። ጠዋት የተሰበሰበ ኩስ "ንጹሕ ነው" ሊባል ይችላል፣ የዚያኑ ቀን የማምሻው የ11 ሰዓቱ ግን ሙሉ ሊሆን ይችላል። የጥቂት ቀናት የከሰዓት ናሙና አጠራቅማችሁ ውሰዱ። በሁለተኛው ሳምንትና ከመቀላቀሉ በፊት፣ ሁለት ጊዜ ቢመረመር ይሻላል፣ ጥገኛው በየቀኑ አይወጣምና።

የአየር ከረጢት ማይትን ሐኪሙ የሚፈልገው በሌላ ዘዴ ነው። ክፍሉ ይጨልማል፣ የአንገቷ ላባ በአልኮል ይረጥብና ወደ ጎን ይላል፣ ጠንካራ የባትሪ ብርሃን ከኋላ ይበራል። የአየር ቧንቧው ውስጥ ጥቁር ነጥቦች ሲንቀሳቀሱ ይታያሉ። አለመታየታቸው የለም ማለት አይደለም፣ ግን መታየታቸው ማረጋገጫ ነው።

"የምርመራው ዋጋ እኮ ከወፏ ዋጋ ይበልጣል" የሚል ሰው ትክክል ነው። ዜብራ ፊንች ርካሽ ናት። ግን ሒሳቡ መሠራት ያለበት በአዲሷ ዋጋ አይደለም፣ ሳሎን ባሉት ሁሉ ነው። ሁለትና ሦስት አብረው ከተገዙ የሁሉም ኩስ በአንድ ናሙና ሊታይ ስለሚችል ወጪው ይቀንሳል።

አቅም ጨርሶ ካልፈቀደስ? የኩሱን ምርመራ አስቀድሙ፣ መድኃኒቱን ውጤቱ ላይ ተመሥርቶ ግዙ።

ብቻዋን ወይስ ከጓደኛ ጋር?

ፊንች ብቻዋን መኖር አትወድም። ብቸኝነት ጭንቀት ነው፣ ጭንቀት ደግሞ የተኛን በሽታ ይቀሰቅሳል። ስለዚህ ከተቻለ ከአንድ ምንጭ ሁለት ወፍ ግዙና አብረው ይቆዩ። አንድ ብቻ ከሆነች የነባሮቹን ድምፅ በስልክ ቀድቶ ቀን ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማሰማት ይረዳል።

አንዳንዶች በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ከነባሮቹ አንዷን ከአዲሷ ጋር ያስቀምጣሉ። ነባሯ ካልታመመች መንጋው አይታመምም በሚል ነው። ትልልቅ አርቢዎች ዘንድ ይሠራል፣ ተሸካሚንም ያጋልጣል። እኔ ግን ስድስትና ስምንት ወፍ ላለው ቤት አልመክረውም። ስም አውጥተን የምናሳድጋትን ወፍ ለሙከራ መስጠት ይከብዳል፣ ያውም ሁለተኛ የኩስ ምርመራ ያንኑ መልስ ሲሰጠን።

በየቀኑ የሚሠራው

ሁልጊዜ ነባሮቹን አስቀድሙ፣ አዲሷን በመጨረሻ። ከእሷ ክፍል ስትወጡ እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ለዚያ ክፍል ብቻ የሚለበስ አንድ ሸሚዝ ማስቀመጥ። የውሃና የጥሬ ዕቃው፣ መጥረጊያው፣ ስፖንጁ ለብቻ ይሁን። የወለሉ ወረቀት ነጭ ሶፍት ወይም ፔፐር ታወል ይሁን፣ ኩሱ እንዲታይ። ጤነኛ ኩስ ጠቆር ያለ ክፍልና ነጭ ክፍል አለው። ውሃ የበዛበት፣ ቢጫ፣ ወይም ያልተፈጨ ጥሬ ያለበት ከሆነ ፎቶ አንስታችሁ ለሐኪሙ አሳዩ።

የግራም ሚዛን ግዙ፣ የአንድ ግራም አሥረኛውን የሚያነብ። ወፏን ላለመያዝ ትንሽ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ መመዘን ይቻላል። በሳምንት ሁለት ጊዜ ይበቃል። 15 ግራም የነበረች ወፍ 13 ተኩል ስትደርስ የክብደቷን አንድ አሥረኛ አጥታለች ማለት ነው፣ ላባዋ ይህን ይሸፍነዋል፣ ሚዛኑ ግን አይሸፍነውም።

የኬጁ ሽቦ ክፍተት ከግማሽ ኢንች (ከአንድ ሳንቲ ሜትር ከሩብ ገደማ) ባይበልጥ ጥሩ ነው። የእንጨት ኬጅ ግን አትጠቀሙ፣ ስንጥቁ ለቀይ ማይት ቤት ነው።

መቀላቀሉ

ቀኑ አልቆ ምርመራው ንጹሕ ሲሆን ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በቀጥታ መልቀቅ ነው። ኬጁ ትልቅ ከሆነና ነባሮቹ ጎልዲያን ወይም ሶሳይቲ ከሆኑ ብዙ ጊዜ በሰላም ያልፋል። ሁለተኛው የአዲሷን ኬጅ ከነባሮቹ አጠገብ ለሳምንት ያህል ማስቀመጥ ነው። ዜብራ ፊንች ላለው ሰው ይህን ነው የምመክረው። ዜብራ ጎጆ ከያዘች ግዛቷን ትከላከላለች፣ ላባ እስከ መንቀል ትደርሳለች።

በሁለቱም መንገድ ከመልቀቁ በፊት የማረፊያ እንጨቶቹን ቦታ ቀያይሩ፣ ጎጆዎቹን አውጡ፣ የጥሬና የውሃ ዕቃ አንድ ተጨማሪ ጨምሩ። ጠዋት ልቀቋት እንጂ ማታ አይሁን፣ ከመጨለሙ በፊት የምትበላበትንና የምታድርበትን ማግኘት አለባትና። ቤት የምትውሉበት ቀን ቢሆን ይመረጣል።

ትንሽ መባረር ይጠበቃል። አንዱ ወፍ ካልተዋትና ምግብ ከከለከላት ግን የሚወጣው አባራሪው ነው። ለጥቂት ቀናት በለይቶ ማቆያው ኬጅ ይቀመጥ። ሲመለስ ቦታው በሌሎቹ ተይዟል፣ ጉልበቱም ይበርዳል። ለዚህም ሲባል ያን ኬጅ በፈላ ውሃ አጥባችሁ እንደተዘጋጀ አቆዩት። ከነባሮቹ አንዷ ድንገት ብትታመምም የምትገባው እዚያው ነው።